ግቢ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ መኪና ገዢው ብዙ ነገር አስልቷል። የታክስ ቅናሹ፣ የባትሪው ዕድሜና የመለዋወጫው ነገር በየጋዜጣው ተጽፏል። ማታ ማታ የት ይሰካዋል የሚለው ግን እንደ ተራ የግል ጉዳይ ታልፏል። የመኪናውን አዋጭነት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን ይኸው ነው ባይ ነኝ።

አንድ መካከለኛ አውቶሞቢል 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም በነበረበት በጥር 2017 ዓ.ም. ዋጋ ብናሰላው 710 ብር ነው። ተመሳሳይ መኪና በኤሌክትሪክ ሲሄድ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበቃውና ባለቤቱ ለአንዱ 10 ብር ቢከፍል (ሆን ብዬ ከፍ አድርጌ ነው የያዝኩት) ወጪው 200 ብር ብቻ ይሆናል። የ510 ብሩ ልዩነት ግን በሙሉ የሚገባው ቤቱ ለሚሰካ ሰው ነው። በሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የሚሰለፍ ሰው የነጋዴውን ትርፍም፣ የራሱን ጊዜም ይከፍላል።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ቤንዚንና ኤሌክትሪክ በሚያፈራርቀው ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ካልተሰካ ስለሚቆም ባለቤቱ ወዶም ሆነ ሳይወድ ይሰካዋል። ሃይብሪዱ ግን ሳይሰካ በቤንዚን ይከንፋል፤ ከባዱን ባትሪ ያለ ሥራ ተሸክሞ። አውሮፓውያን ይህን በገንዘባቸው ተምረውታል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እነዚህ መኪኖች መንገድ ላይ የሚለቁት ካርቦን በሙከራ ከተለካው 3 ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ከአጋሩ ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ጥናት ምክንያቱን ይጠቁማል። የግል ባለቤቶች ከሚነዱት ኪሎ ሜትር 45 እስከ 49 በመቶውን በኤሌክትሪክ ሲሸፍኑ፣ የድርጅት መኪና የሚነዱት የሸፈኑት ከ11 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። ቤንዚኑን አሠሪው ከከፈለና የቤቱ መብራት ከራስ ኪስ ከወጣ ማን ይሰካል?

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ግቢ ያለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚሰጥ ተራ ሶኬት በ8 ሰዓት ውስጥ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሞላል። ይህ የብዙ ሃይብሪዶችን ባትሪ ያጠግባል፤ ለሙሉ ኤሌክትሪኩም የአንድ ቀን የከተማ ምልልስ ይችላል። የሚያስፈልገው አስተማማኝ መስመርና ብሬከር ነው።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪው ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቆጣሪው በስሙ ነው፤ መኪናው የሚያድርበት ሜዳ የጋራ ነው። በመስኮት ኤክስቴንሽን ማውረድ አደገኛ ነው፤ ቀጭን ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ይግላል፣ ዝናቡም አለ። በደንብ መስመር ልዘርጋ ካለ ደግሞ፣ የጋራ መጠቀሚያው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የሁሉም ስለሆነ፣ ማኅበሩን ማሳመን አለበት። መኪና የሌለው ጎረቤቱ «ትራንስፎርመሩ ቢቃጠል ጨለማው የሁላችንም ነው» ቢለው አልፈርድበትም።

እዚህ ላይ ፍትሕ ይነሳል። መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ የሁላችንን ገቢ ነው የተወው። የቅናሹን ፍሬ አሟጦ የሚበላው ግን ግቢና የብረት በር ያለው ሰው ነው፤ ድሮውንም የተሻለ ኑሮ የነበረው።

ጀርመን ከታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአፓርታማ ባለቤቶች የመሰኪያ መስመር የማስገባት መብት ሰጥታለች። ጎረቤቶች አሠራሩን ይወስናሉ እንጂ ጥያቄውን መከልከል አይችሉም፤ ወጪው የጠያቂው ነው። ፈረንሳይም ከዚያ ቀደም ብላ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ለእኛም የሚበጀው ይህ ይመስለኛል፤ ዋና በሚባሉ አደባባዮች ላይ ከሚተከሉ ውድ ፈጣን ቻርጀሮች ይልቅ በየኮንዶሚኒየሙ ሜዳ ለብቻው የሚቆጥር ቆጣሪ። ኃይሉን በተመለከተ፣ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የኃይል ፍላጎት በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ለሚሰኩት ዋጋ ቢቀነስላቸው የትራንስፎርመሩም ሥጋት ይቀንሳል።

ይህ እስኪሆን ድረስ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መስመር ለመዘርጋት የማኅበራችሁን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።