የጅቡ ጉትቻ፤ ወይም የምስጢር ጨዋታ አመራረጥ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ክረምቱ ሲበረታ፣ ከእራት በኋላ የሚነሣው ወሬ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም የቡዳ፣ የጅብና የጭራቅ ነገር ነው። በገጠር በምድጃ ዳር፣ በከተማም ተማሪዎች ተከራይተው በሚኖሩበት ክፍል ይወራል። በሰላም ቦታ ተቀምጦ ፍርሃትን መቅመስ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ስለ ሆነ፣ በዚህ የሚነቀፍ ሰው የለም።

ይህን ጠባይ ወደ ጠረጴዛ ጨዋታ የለወጡ ሰዎች አሉ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ. ኤ. አ. «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አራት ወይም አምስት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ጠባይ ይይዙና «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔ ሽማግሌውን እጠይቃለሁ» ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። «ምን አውቅልህ»፣ «አገር ስጠኝ» እየተባባልን በእንቆቅልሽ ላደግን ለእኛ ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ የአገራችንን የማታ ወሬ ወደ ምርመራ ጨዋታ ለመለወጥ የሚፈልግ ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከብዙዎቹ የትኛውን ይምረጥ?

በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው ሳንዲ ፒተርሰን በ1981 እ. ኤ. አ. ያወጣው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ነው። ተጫዋቾቹ መርማሪዎች ናቸው፤ ምስጢሩን በገለጡ መጠን አእምሯቸው እየተናወጠ ይሄዳል። ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከላቭክራፍት የተወሰደ ስለ ሆነ ለጎጃም ልጅ ባዕድ ነው። ደግሞም ባለ ዐሥር ገጽ ዳይስ ይፈልጋል።

ሁለተኛው በ2020 እ. ኤ. አ. በስዊድን የታተመው «ቬሰን» ነው። ዮሃን ኤገርክራንስ ስለ ሰሜን አውሮፓ ተረቶች ካዘጋጀው የሥዕል መጽሐፍ የተነሣ ሲሆን፣ ፍጡሩ በጥይትና በጎራዴ አይወገድም። ለምን እንደ ተቆጣ፣ ማን እንደ በደለው መርምሮ መድረስ ያስፈልጋል። የሚፈልገውም ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ብቻ ስለ ሆነ የሉዶው ይበቃል።

ሦስተኛው ሮቢን ሎውስ የደነገገውና በ2007 እ. ኤ. አ. የወጣው «ገምሹ» የተባለው ሥርዐት ነው። ዋናው ሕጉ፣ መርማሪው በትክክለኛው ቦታ በትክክለኛው መንገድ ከፈለገ ዋናውን ፍንጭ ያለ ዳይስ ያገኛል የሚል ነው። ድካሙ ፍንጩን ማግኘቱ ሳይሆን ትርጉሙን ማወቁ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስለን። አባቶቻችን ሁለት ዐይነት ምርመራ ነበራቸው። አንደኛው ሌባሻይ ነው፤ መድኀኒት የጠጣ ልጅ በገመድ ተይዞ ይሄድና ገብቶ በወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ይባል ነበር። ሁለተኛው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነው፤ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ፣ የሰማውንና ያየውን እየተናገረ በዳዩ ይፈለግ ነበር። ጥፋተኛውን በዳይስ የሚያገኝ ጨዋታ የሌባሻይ ወንድም ነው፤ ገምሹ ግን ወደ አውጫጭኝ ይቀርባል። ስለዚህ የእኔ ምክር የቬሰንን መንፈስ ከገምሹ ሕግ ጋር አጋብቶ መጫወት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ይቀራል፤ እርሱም ከሁሉ የበለጠ ነው። ስዊድኖች የተረት ፍጡራቸውን ቢከስሱ የሚጎዳ ጎረቤት የለም። እኛ ዘንድ ግን ቡዳ የሚባለው ብዙ ጊዜ ስምና ቤት ያለው ሰው ነው፤ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ. ም. በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ይሁንና ሐሜቱ በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። በጨዋታው ላይ ሸክላ ሠሪዋ በመጨረሻ በእውነት ጅብ ሆና ብትገኝ፣ ከመካከላችሁ የተቀመጠው የሸክላ ሠሪ ልጅ ምን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል?

ስለዚህ ታሪኩን እንዲህ አድርጋችሁ ጀምሩት። በቡሬ ገበያ አጠገብ ሕፃን ታመመ፤ ማታ ጅብ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጠቆመ። ፍንጮቹ ሦስት ይሁኑ፤ ሕፃኑ የጠጣው የጉድጓድ ውሃ፣ ያልተከፈለ የእንስራ ዕዳ፣ ወሬውን መጀመሪያ ያወራው ሰው። መርማሪዎቹ የሚያድኑት ወሬው የተነሣበትን ምክንያት እንጂ ሴትዮዋን አይሁን።

ፍርሃቱ ይቀንሳል ብላችሁ አትስጉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ በ1831 እ. ኤ. አ. በታተመው ማስታወሻው፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ እንደ ታየ ጽፏል። ያንን ጉትቻ በታሪካችሁ መጨረሻ በደጃፉ ላይ ወድቆ ይገኝ። ሴትዮዋ ነጻ ወጥታለች፤ ወሬኛው አፍሯል፤ የጉትቻው ባለቤት ግን አልታወቀም። ያን ጊዜ መብራቱን የሚያጠፋው ማን እንደሚሆን እናያለን።