ፍልጡን ከመማገዳችን በፊት

ማገዶ ስታስፈልጡ ወይም በግቢያችሁ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ከክምሩ መካከል ጉጥ የሌለው ቀጥ ያለ ፍልጥ አይታችሁ ይሆናል። ይህ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ ቢገባ አንድ ወጥ እንኳ በቅጡ አያበስልም፤ ደርቆ ቢቀረጽ ግን ለዓመታት የሚያገለግል ማማሰያ፣ ዘነዘና ወይም የበርጩማ እግር ይወጣዋል።

ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ርጥቡን እናስቀርጻለን፤ አለዚያም ቶሎ እንዲደርቅ ምድጃ ዳር እናቆመዋለን። ብዙም ሳይቆይ ይሰነጠቅና ሌላ ለመግዛት እንገደዳለን። ምክንያቱም እንጨት ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል። ውሃው በሁለቱ ጫፎች በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ውስጡ ገና ርጥብ ሳለ ጫፉ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ክቡን ጉማጅ በእምብርቱ በኩል ለሁለት አስፈልጡ፤ ሳይፈለጥ ቢቀመጥ ሲደርቅ ራሱን ይሰነጥቃል። ነቀዝ ከሥሩ እንዳይሸሸግም ቅርፊቱን ላጡ። በዚያው ቀን ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ የሻማ ሰም ወይም በተረፈ የዘይት ቀለም ቀቡ። ጫፉ ቢሰነጠቅ ተቆርጦ እንዲጣል፣ ፍልጡ ከሚሠራው ዕቃ በሁለቱም ወገን ጥቂት ይርዘም። ከዚያም ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በየመደዳው መካከል ቀጫጭን እንጨት እያጋደማችሁ ደርድሩት። ፀሐይና ዝናብ አይንካው።

ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የተለመደ ነው። ቀጭኑ ቀድሞ ይደርቃል፤ እንደ ወይራ ያለው ጠንካራ እንጨት ይዘገያል። በየወሩ እየመዘናችሁ ክብደቱን በእርሳስ ጻፉበት፤ ይህን ሥራ ለልጆች መስጠትም ይቻላል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ርጥቡ ግን የታፈነ።

ለዘነዘናና ለማማሰያ ወይራ፣ ለበርጩማ ዋንዛ ተስማሚ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ስለሚያበዛ ትርፉ ረዘም ይበል። ቀለም ወይም የነቀዝ መድኃኒት የነካው አሮጌ እንጨት ግን ለምግብ ዕቃ ፈጽሞ አይሁን።

ከወይራው ቅርጽ የሚወድቀውን ፍቅፋቂም አትጣሉት፤ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ማገዶ ስታስፈልጡ፣ ከምድጃው በፊት ሁለት ሦስት ደህና ፍልጥ መርጣችሁ ለብቻ አስቀምጡ።