ያውቁ ኖሯል? ፊርማቸው ቴምብር የሆነላቸው ሰዎች!

ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ለሥራ ጉዳይ ለወከለው ሕዝብ ደብዳቤ ሲልክ ቴምብር አይለጥፍም! በቴምብሩ ቦታ፣ በፖስታው ጥግ ላይ ፊርማው ይታተማል፤ ፖስታ ቤቱም ተቀብሎ ያደርሳል። ሒሳቡን ኋላ ኮንግረስ ከበጀቱ ይከፍላል። ይህ መብት በዕድሜ ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ይበልጣል! መብቱ የተጀመረው በ1775 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፤ ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው ደግሞ በ1787!

ምርጫ 60 ቀን ሲቀረው ግን ነገሩ ይለወጣል። ተወዳዳሪ የሆነ አባል በዚህ መብት ለመራጩ የጅምላ ደብዳቤ መበተን ክልክል ነው! በሕዝብ ገንዘብ ቅስቀሳ እንዳይካሄድ ነው። ደግ ሕግ!

እርስዎ የሚልኩለት ደብዳቤስ? በ2001 ለሁለት ሴናተሮች የአንትራክስ ዱቄት የያዙ ፖስታዎች ተላኩ። ከዚያ ወዲህ ለኮንግረስ የሚጻፍ ደብዳቤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሄዶ ይፈተሻል፤ በጨረር ሳይቀር ይመታል! ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚወስድ ነው የቸኮለ መራጭ ስልክ የሚደውለው።

በመጀመሪያው ኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤቱ 65 መቀመጫ ብቻ ነበረው! ሕገ መንግሥቱም አንድ ተወካይ ከ30,000 ሰው ላነሰ ሕዝብ እንዳይመደብ ይላል። ዛሬ አንድ ተወካይ የሚወክለው በአማካይ 760,000 ያህል ሰው ነው! የመቀመጫው ቁጥር በ1913 ላይ 435 ገብቶ ቆመ፤ አላስካና ሃዋይ ሲቀላቀሉ ለአጭር ጊዜ 437 ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ 435!

የተወካዩ ቢሮ ሕግ ብቻ የሚረቀቅበት እንዳይመስልዎት! ፓስፖርትዎ ዘገየ? የቪዛ ጉዳይዎ ደብዛው ጠፋ? የጡረታ ገንዘብዎ ተስተጓጎለ? በወረዳው ውስጥ ያለው ቢሮ ይህን ብቻ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉት። ጉዳዩን ይዘው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይጽፋሉ፣ ይደውላሉ። መርጠውት እንደሆነ አይጠይቁዎትም! አንድ ወረቀት ግን ያቀርቡልዎታል፤ «ፋይሌን እንዲያዩ ፈቅጃለሁ» የሚል ነው። በ1974 በወጣው የግል ምስጢር ሕግ ምክንያት እሱን ካልፈረሙ የራስዎ ተወካይ እንኳ ፋይልዎን አያገኝም!

ልጅዎ በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ መማር ይመኛል? ጎበዝ መሆን ብቻውን አይበቃም። አብዛኞቹ ዕጩዎች የሚገቡት የኮንግረስ አባል ስማቸውን ሲያቀርብላቸው ነው!

የኮንግረስ ሕንፃ በሆነው በካፒቶል ጣሪያ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል! መራጮች በተወካያቸው በኩል «በካፒቶል ላይ የተውለበለበ ባንዲራ» መግዛት ስለሚችሉ ነው። ለዚሁ የተለዩ ትንንሽ ሰንደቆች አሉ። ባንዲራው ይሰቀላል፣ ይወርዳል፣ ይታጠፋል፤ ሌላው ይቀጥላል። ሐምሌ 4 ቀን 1976፣ አገሪቱ 200 ዓመት ስትሞላ፣ በአንድ ቀን ከ10,000 በላይ ባንዲራዎች ተሰቅለው ወርደዋል!

ሕግ የሚጀምረው ከእንጨት ሣጥን ነው! ተወካዩ ረቂቁን ይዞ ይመጣና በጸሐፊው ጠረጴዛ አጠገብ ካለች ሣጥን ውስጥ ጣል ያደርጋል። በሁለት ዓመት የኮንግረስ ዘመን ከ10,000 በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ፤ ሕግ የሚሆኑት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ዘመኑ ሲያልቅ ያላለፈው ሁሉ አብሮ ይሞታል!

ኢትዮጵያን የሚመለከተው ረቂቅ ሕግ፣ ኤች አር 2003፣ ትዝ ይልዎታል? የተወካዮች ምክር ቤቱ በጥቅምት 2007 አሳለፈው። ወገኖቻችን ስንት ደብዳቤ ጽፈውለት፣ ስንት በር አንኳኩተውለት! ሴኔቱ ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ዘመኑ አለቀና ሳይጸድቅ ቀረ። በሚያዝያ 2018 ስለ ኢትዮጵያ ያለፈው ኤች ሬዝ 128 ደግሞ ከነጭራሹ ሕግ አልነበረም፤ የአንዱ ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ነበር!

ዲቪም የኮንግረስ ልጅ ነው! የወጣው በ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ ነው፤ ከገፋፉት አንዱ ያኔ የብሩክሊን ተወካይ የነበሩት ቸክ ሹመር ናቸው። በየመንደራችን ስንቱን ሰው ፎቶ ቤት ያሰለፈች አንዲት አንቀጽ!

ቶማስ ኤዲሰን የመጀመሪያ ፓተንታቸውን ያገኙት በምን ይመስልዎታል? በአምፖል? አይደለም! በድምፅ መቁጠሪያ መሣሪያ ነው፤ በ1869። መሣሪያው ለኮንግረስ ቀረበ፤ ኮንግረስ አልፈልግም አለ! የተወካዮች ምክር ቤቱ በኤሌክትሪክ ድምፅ መስጠት የጀመረው ከ104 ዓመት በኋላ፣ በ1973 ነው። ሴኔቱ ዛሬም ስም እየተጠራ ነው!

የኬንታኪው ዊልያም ናቸር ከ1954 እስከ 1994 ድረስ 18,401 ጊዜ በተከታታይ ስማቸው ሲጠራ ተገኝተዋል። አንዲት እንኳ አላመለጠቻቸውም! በመጨረሻ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሊቀሩ ነው ሲባል በቃሬዛ ተኝተው፣ ኦክስጅን እንደተሰካላቸው ወደ ምክር ቤቱ ተገፍተው ገቡና ድምፅ ሰጡ! በዚያው ወር አረፉ። ለወከሉት ሕዝብ እንዲህ ያለ ታማኝነት እንዴት አያስደንቅ!

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ካፒቶሉ የቆመባት ከተማ፣ በኮንግረሱ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላትም! ወደ 700,000 የሚጠጋ ሕዝብ አላት፤ ወኪሏ ይናገራሉ፣ ረቂቅ ያቀርባሉ፣ ሕግ በሚጸድቅበት የመጨረሻ ድምፅ ግን እጃቸው አይቆጠርም። ነዋሪዎቿ ቅሬታቸውን በመኪናቸው ታርጋ ላይ ጽፈው ይዞራሉ!

ከኤርትራውያን ስደተኞች የተወለዱት ጆ ንጉሴ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የኮሎራዶ ተወካይ ናቸው።

ሚኪ ሌላንድን ያውቋቸዋል? የሂዩስተን ተወካይ ነበሩ፤ በምክር ቤቱ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴን ይመሩ ነበር። ነሐሴ 1989 ኢትዮጵያ መጥተው ወደ ፉግኒዶ የሱዳናውያን ስደተኞች ካምፕ ሲበሩ አውሮፕላኗ ጠፋች! ለቀናት ተፈለገች። በመጨረሻ በጋምቤላ አቅጣጫ ተራራ ላይ ተከስክሳ ተገኘች፤ ከተሳፈሩት 16 ሰዎች የተረፈ አልነበረም፤ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባት። ከወራት በኋላ ባለቤታቸው መንታ ልጆች ወለዱ! የቴክሳስ መራጭ የላካቸው ሰው ሕይወታቸው ያለፈው የእኛ አገር ተራራ ላይ፣ ለተራበ ሰው ብለው ነው።

እርስዎስ፣ አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ የወኪልዎን ስም ያውቁታል? ካላወቁ 202-224-3121 ይደውሉ። የካፒቶል የስልክ ማዞሪያ ነው፤ የሚኖሩበትን ይንገሯቸው፣ ከቢሮው ያገናኙዎታል!