ማን? ምንን?

በጥሊሊ ገበያ ፈረሱን የሸጠ ገበሬ፣ ውሉ ላይ «ለጎረቤቴ ሸጥሁ» ብሎ ብቻ ቢፈርም ነገ ጠብ ይነሣል። ፈረሱን ነው የሸጠው ወይስ በሬውን?

«ሸጠ» የሚለው ግስ «ምንን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ሥራው ከሠሪው አልፎ ሌላ ነገር ላይ ስለሚያርፍ ተሻጋሪ ግስ ይባላል። «ፈረሱ ሮጠ» ስንል ግን ነገሩ አልቋል። «ምንን ሮጠ?» አይባልም። «ሮጠ» የማይሻገር ግስ ነው።

በእንግሊዝኛ «ብሬክ» የሚለው አንድ ቃል «ሰበረ»ም «ተሰበረ»ም ይሆናል። በአማርኛ ግን ቃሉ ይለወጣል። «ሞፈሩ ተሰበረ» ብንል ሰባሪው አይታወቅም። «ጎረቤቴ ሞፈሬን ሰበረ» ብንል ሰባሪውም የተሰበረውም ይታወቃል።

ስለዚህ ውልም ሆነ አቤቱታ ስንጽፍ፣ ከመፈረማችን በፊት «ማን? ምንን?» ብለን እንጠይቅ።