ጥድ በብልቃጥ

በአዊ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ለማሳው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ቢመርጥ አይፈረድበትም። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ዓመትም በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራበታል። የሐበሻ ጥድ ግን የሚደርሰው ለተካዩ ሳይሆን ለልጅ ልጁ ነው። ከጥድ ወገን ዛፎች የአገራችን በቀል የሆኑት ጥድና ዝግባ ብቻ ናቸው፤ የፈረንጅ ጥድ ከውጭ የመጣ ነው። ምስጥ የማይደፍረው የጥድ እንጨት ለምሰሶና ለአጥር ሲፈለግ ደግሞ መጥረቢያ ቀድሞ የሚያነሳው ቀጥ ያለውን ነው። ለዘር የሚተርፈው ጎባጣው ይሆናል። በፈረስ አገር «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት ለዛፍም ይሠራል። ታዲያ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቀሩትን ምርጥ ጥዶች ዘራቸው ሳይበረዝ እንዴት እናቆያቸው? ቲሹ ካልቸር የሚባለው ጥበብ አንድ መልስ አለው።

አሠራሩ ከወጥ ቤት ብዙም አይርቅም። ከዛፉ ላይ ትንሽ አካል ይወሰድና በአልኮልና በበረኪና ይጸዳል፤ ከዚያም ስኳር፣ ማዕድናትና ሆርሞን በገቡበት፣ አጋር በሚባል የባሕር አረም ውጤት በረጋ ምግብ ላይ ብልቃጥ ውስጥ ይቀመጣል። ሙዝና ሸንኮራ አገዳ በዚህ መንገድ በቀላሉ ይባዛሉ። የጥድ ወገን ግን አስቸጋሪ ነው። የተቆረጠው አካል ብዙ ጊዜ ራሱን የሚመርዝ ቡናማ ፈሳሽ ስለሚያወጣ፣ መርዙን የሚመጥ ልዩ ከሰል ምግቡ ውስጥ ይጨመራል። ትልቁ እመርታ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ስዊድናውያኑ ኢንገር ሃክማንና ሳራ ፎን አርኖልድ ስፕሩስ ከሚባለው የሰሜን አውሮፓ ዛፍ ያልጎመራ ዘር ውስጥ ሽሉን አውጥተው በብልቃጥ አሳደጉት፤ ከአንዱ ሽል ብዙ ሽሎች፣ ከሽሎቹም ችግኞች ተገኙ።

የዚህ ግኝት ትልቁ ጥቅም ብዛት አይመስለኝም። የጥድ ወገን አንድ እንቆቅልሽ አለው፦ ዛፉ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ካረጀ በኋላ ነው፤ ካረጀ በኋላ ደግሞ አካሉ በብልቃጥ ለመታደስ እንቢ ይላል። ከሽል የተገኘው የህዋስ ክምር ግን ከፊሉ ችግኝ ሆኖ መስክ ላይ ሲፈተን፣ ከፊሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ሳያረጅ ይቆያል። ከዓመታት በኋላ ዛፉ ቀጥ ብሎ ከበቀለ፣ ወጣት ወንድሙ ከብርዱ ወጥቶ ይባዛል። ቤተ ሙከራው ለገበሬው የሚገዛለት ጊዜን ነው።

«ችግኝ ጣቢያ እያለ ይህን ሁሉ ወጪ ለምን?» የሚል ይኖራል። ለብዛት ከሆነ እውነቱን ነው፤ የተራ ችግኝ ዋጋ ከብልቃጥ ችግኝ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ጥድም ዝግባም ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ይበቅላሉ። ዘር ለቃሚው እናቲቱን ቢመርጥ እንኳ አባትየውን የሚመርጠው ነፋስ ነው። ስለዚህ ከዘሩ ምን እንደሚወጣ ማወቅ የሚቻለው በፈተና ብቻ ነው፤ የፈተናውን ውጤት እንዳለ ይዞ የሚያቆየው ደግሞ ብልቃጡ ነው። ሁለተኛው ስጋት የበለጠ ይከብዳል፦ አንድ ዓይነት ዛፍ በበሽታ አንድ ላይ ያልቃል። የአዊ ሰው ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን ሲያደርቀው አይቷል። ዲከረንሱ ግን የብልቃጥ ሳይሆን የዘር ችግኝ ነበር። ጥፋቱን ያከፋው በሰፊው አንድ ዓይነት ብቻ መተከሉ ነው፤ የቤተ ሙከራ ችግኝም ቢሆን ከብዙ እናቶች ተውጣጥቶ፣ ከዘር ችግኝ ጋር ተደባልቆ ካልተተከለ ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

የስፕሩስ ቀመር እንዳለ ተገልብጦ ለሐበሻ ጥድ አይሆንም፤ ምግቡም ሆርሞኑም ለየዛፉ ተሞክሮ የሚገኝ ነው። ሙከራው ዓመታት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ሥራ ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በየደብሩ ቅጥር ቀጥ ያሉትን ጥዶች መመዝገብና ፍሬያቸው ሳይጎመራ የሚለቀምበትን ሳምንት ማወቅ ነው። ገበሬው ዲከረንሱን እየቆረጠ ከሰሉን ይሽጥ፤ ከተመዘገቡት ጥዶች አንዱ ሲወድቅ ግን አብሮት የሚጠፋውን ዘር የትኛውም ብልቃጥ አይመልሰውም።