ከሐይቅ ዳር ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያየው የሚገባ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሐይቅ ዳር ከተማ መኖሪያ የሚሻ ቤተሰብ፣ ወደ ንብረት ገማች፣ ማለትም የቤትንና የይዞታን ዋጋ በሙያው መዝኖ ወደሚተምን ሰው ሲቀርብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ ሐይቁ ከበረንዳው ይታይ እንደሆነ ነው። ዕይታው ዋጋን ያስወድዳል፤ ኑሮን የሚወስነው ግን ውኃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ከመዲናዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ቢሾፍቱ ይህን በግልጽ ታሳያለች። የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች የተኙት የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በመፈንዳቱ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ ስለሆነ፣ ዙሪያቸው ገደላማ፣ ሆዳቸው ጥልቅ ነው፤ ከእነርሱ የሚወጣ ወንዝም የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበትን ቆሻሻ ይዞ ስለሚቀር፣ በአፋፉ ላይ የተሠራን ቤት የሚገዛ ሰው ከሳሎኑ በፊት የፍሳሽ ማጠራቀሚያው የት እንደተቆፈረ፣ እንዴት እንደተገነባና በምን እንደሚመጠጥ መመርመር አለበት። በብርዱ ወራት ደግሞ የላይኛው ውኃ ሌሊት ቀዝቅዞ ሲሰምጥ፣ ኦክስጅን ያነሰው የሥረኛው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ዓሣ የሚገድልበት ጊዜ አለ፤ ክስተቱ የሐይቆቹ ጠባይ በመሆኑ፣ ዓሣው በሞተ ቁጥር መርዝ ተጨምሯል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በዚያው ከተማ ያለው ጨለለቃ ግን ጥልቀት የሌለው፣ በክረምት የሚሰፋ በበጋም የሚሸሽ ውኃ ነው፤ በአጠገቡ ያለን ቦታ በጥር ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል፣ ነሐሴን መጠበቅ ይገባው ነበር።

የቆቃ ሐይቅ ደግሞ በአዋሽ ወንዝ ላይ በተሠራ ግድብ የተፈጠረ ስለሆነ፣ ዳርቻው እንደ ዝናቡና ለኃይል ማመንጫ እንደሚለቀቀው ውኃ ይሸሻል፣ ይጠጋልም። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በባቱ ከተማ ያለው የዝዋይ ሐይቅ፣ የመቂንና የቀጠር ወንዞችን ተቀብሎ በቡልቡላ በኩል የሚያስወጣ፣ ሰፊና ጥልቀቱ ጥቂት ውኃ ነው። ሜዳማ ዳርቻው ለግንባታ ይመቻል፤ ይሁንና አካባቢው ሞቃትና የወባ ትንኝ የሚራባበት ነው፣ በስምጥ ሸለቆው በብዙ ስፍራ የሚገኘው የጉድጓድ ውኃም ጥርስን የሚያበልዝና በብዛት ሲጠጣ አጥንትን የሚጎዳ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት፣ ሳይመረመር ለሕፃናት ሊሰጥ አይገባም።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ የሚነሣው የፍጥነት መንገድ ቢሾፍቱን ለዕለታዊ ሥራ ተመላላሽ እንኳ አቅርቧታል፤ ባቱ ግን ለጡረተኛ ወይም ሥራውን እዚያው ላደረገ ሰው ካልሆነ አትመከርም።

በመጨረሻ ሰነዱ ይታያል። ከተማ ሲሰፋ ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ፣ በተለምዶ የጨረቃ ቤት የሚሠራበት ቦታ፣ የቱንም ያህል ውብ ቢሆን ካርታ፣ ማለትም ሕጋዊ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የለውም። ካርታ ያለውም ቢሆን በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት በመሆኑ፣ የቀረው ዓመትና ያልተከፈለው የሊዝ ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ እንዲሁም ንብረቱ በባንክ ወይም በፍርድ ቤት መታገድ አለመታገዱ፣ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት በአካል ይጣራል።