አጥር የሌለው ተራራም ባለቤት አለው

ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው በአንጋጫና በዱራሜ መካከል የሀምበሪቾን ተራራ ያገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ፣ በከምባታ ሽማግሌዎች ትረካ የመጀመሪያዎቹ 7 ጎሣዎች የሠፈሩበት ስለሆነ ከፍ ያለ ክብር አለው። በቅርብ ዓመታት 777 ደረጃዎች ከተሠሩለት ወዲህ ደግሞ ስሙ በሩቅም ይሰማል።

ወደ ተራራ ከሚወጡት እንግዶች መካከል አንዳንዶቹ በዚያው ቀን መመለስ አይፈልጉም። ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ከከተማና ከሆቴል ርቀው፣ በዛፎች መካከል ያለ ኪራይ አድረው የማለዳዋን ፀሐይ ከላይ ሆነው ማየት ይሻሉ። በደረሱበት መንደር ሁሉ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ድንኳናችንን የት እንትከል?

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የአካባቢው የገበሬ ማኅበር ወይም የቀበሌ አመራር ነው። መልሱ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ አንዱ እንግዳ ምንጭ ዳር፣ ሌላው በማገገም ላይ ባለ ክልል ውስጥ ይሠፍራል። ሥልጣን የሌለው ሰውም ገንዘብ ይጠይቀዋል። በመጨረሻ የሚጎዳው ደኑና የአካባቢው መልካም ስም ነው።

መሬቱ የማን ነው?

ብዙ እንግዶች አጥርና ቤት የሌለበትን መሬት ባለቤት የሌለው አድርገው ይቈጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር ማለትም 20 ጋሻ በሆነ መሬት ላይ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ደንግጎ ነበር። ለማኅበራቱ ከተሰጡት ተግባሮች አንዱ በክልላቸው ያለውን የሕዝብ ንብረት፣ በተለይም አፈርን፣ ውሃንና ደንን መጠበቅ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065 ደግሞ ከመንግሥት ደን ሌላ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የግል ደን እንዳለ ያውቃል።

ስለዚህ ድንኳን የመትከል ጥያቄ ሲቀርብ የመጀመሪያው ሥራ ቦታው የትኛው ዓይነት ደን እንደሆነ ማወቅ ነው። የማኅበረሰብ ደን ከሆነ ጉዳዩ ለተጠቃሚዎቹ ጉባኤ ይቀርባል። የመንግሥት ደን ከሆነ ከወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይጠየቃል። የግል ባሕር ዛፍ ከሆነ ባለይዞታው ይጠየቃል።

ለገበሬው የተከለከለ ለእንግዳ አይፈቀድም

በሐድያና በከምባታ የሕዝቡ አሠፋፈር ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከቤቱ ጓሮ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ ማሳው ይገኛል። ለጋራ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ለእርሻ የማይመቸው ገደላማው የተራራ ወገብና አናት ነው። ይህም ቦታ እንዲያገግም ተብሎ ሲከለል ከብት የሚያሰማራውም፣ ማገዶ የምትለቅመውም እናት ጥቅማቸውን ትተው ነው የተስማሙት።

በጎረቤት ወላይታ በሁምቦ የተደረገው ሥራ የዚህን ስምምነት ዋጋ ያሳያል። በዚያ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ከልቅ ግጦሽና ከቈረጣ ጠብቀው፣ ከመሬት በታች የቀሩት የዛፍ ጉቶዎች እንደገና እንዲያቈጠቍጡ አድርገዋል። ሥራቸው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የካርቦን መዝገብ ገብቶ ገቢ ሊያስገኝላቸው ችሏል።

ገበሬው ያልገባበት ክልል ውስጥ እንግዳ ድንኳን ተክሎ ቍጥቋጦ ሲቈርጥና እሳት ሲያነድ ቢታይ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። ነገ ከብቱን የሚያስገባውን ገበሬ በምን አፍ መከልከል ይቻላል? የደኑ ሕግ ለባለአገርም ለእንግዳም አንድ መሆን አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

እሳት ዋናው አደጋ ነው

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ገደማ ይበረታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አመዳይ ሊጥል ይችላል። እንግዳው እሳት የሚመኘው ሣሩና አስታው በሚደርቅበት በዚሁ ወራት ነው።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. የደረሰው ቃጠሎ አይዘነጋም። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታግሎ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪመጡ ድረስ ጓሳውንና አስታውን ለቀናት በልቷል። ያ ቃጠሎ በድንኳን ምክንያት ተነሣ ለማለት አይደለም፤ ደጋ ላይ የተያያዘ እሳት በቀላሉ እንደማይጠፋ ለማሳየት ነው።

ስለዚህ በደን ውስጥ የእንጨት እሳት ጨርሶ ባይነድ ይመረጣል። እንግዳው አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ይያዝ። የግድ ካስፈለገ በተመረጠ አንድ ቦታ፣ ሣሩ በተነሣለትና ድንጋይ በተከበበ ምድጃ ብቻ ይንደድ። እንጨቱም ከገበሬው ጓሮ ባሕር ዛፍ ይገዛ። ሲነሡ ውሃ ፈስሶበት ዐመዱ በእጅ ተዳስሶ መቀዝቀዙ ይረጋገጥ።

የማደሪያው ቦታ አመራረጥ

በስዊድን ማንም ሰው ከሰው ቤትና ማሳ ርቆ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያለ ክፍያ ማደር ይችላል። በአሜሪካም በብዙዎቹ የመንግሥት ደኖች እስከ 14 ቀን ያለ ኪራይ ድንኳን መትከል ይፈቀዳል። ይሁንና በነዚያ አገሮችም ቢሆን ከክፍያ ነጻ መሆን ከደንብ ነጻ መሆን አይደለም። ደናቸውም ሰፊ ነው። የኛ ጠባብ ስለሆነ እንግዳው እንዳሻው ከሚበተን ይልቅ ማኅበሩ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ መርጦ ቢያሳየው ይሻላል።

ቦታው ሲመረጥ የሚከተሉት ይታያሉ። ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር የራቀ፣ ጎርፍ ከሚወርድበት ቦይ የወጣ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ካንዣበበበት ዛፍ ያልተጠጋ፣ ሣር የለበሰ ሜዳ ይሁን። ችግኝ ከተተከለበትና ከተከለለ ቦታ፣ ከመቃብርና ሕዝቡ ከሚያከብረው ስፍራ ይራቅ። መጸዳጃ ከውሃ በዚያው ርቀት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጕድጓድ ተቈፍሮ አፈር ይመለስበት። ቆሻሻ ሁሉ እንግዳው ይዞት ይውረድ። አንዱ ቦታ ሣሩ ሲረገጥ ዐርፎ ሌላው ይተካ።

ገቢው ከየት ይመጣል?

መሬቱ ያለ ኪራይ ቢሰጥ ማኅበሩ ምን ይጠቀማል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እንግዳ ይበላል፤ ይጠጣል፤ መንገድ መሪና ሸክም የሚያግዝ ይፈልጋል። የቆጮና የአይብ፣ የወተትና የማገዶ ገበያ ለሴቶች፣ የመንገድ መሪነትና የጥበቃ ሥራ ለወጣቶች ይከፈታል። ጕባኤው ክፍያ ይኑር ብሎ ከወሰነም ልኩ ታውቆ በደረሰኝ ብቻ ይሰብሰብ፤ በየመታጠፊያው የሚጠየቅ ገንዘብ እንግዳውን ያሸሻል።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ መዝገብ ተከፍቶ የእንግዳው ስም፣ የመታወቂያ ቍጥርና የሚያድርበት ሌሊት ይጻፍ። የልማት ሠራተኛው ባለበት ቦታዎቹ በችካል ይለዩ። ደንቡ በአማርኛ፣ በሐድይኛና በከምባትኛ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በመውጫው ይተከል።

ጊዜውም አሁን ነው። መንገዱ የሚደርቀው፣ እንግዳው የሚበዛው፣ ሣሩም ለእሳት የሚመቸው በአንድ ወቅት ስለሆነ፣ የመስከረም ዝናብ ሳያባራ ጕባኤ ጠርቶ መወሰን ይገባል። እንግዳ መቀበል የአገሩ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ቤት የገባ እንግዳ መቀመጫውን የሚያሳየው ባለቤቱ ነው፤ በተራራውም እንዲሁ ይሁን።